የተቀዳን ድምፅ ማን ይወርሰዋል? ከሰም ሲሊንደር እስከ ሚኒዲስክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ሲፈጠር ግን የሰውን ድምፅ ይዞ የሚያስቀር መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። የተቀዳ ድምፅ ከቃልም ከጽሑፍም መካከል የቆመ ነገር ነው። እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ብራና ለማንበብ ዓይንና ፊደል ሲበቃ፣ የተቀዳን ድምፅ ለመስማት የግድ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ማጫወቻው ከገበያ ሲጠፋ ድምፁ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ዲዳ ይሆናል። በሲያትልም ሆነ በሌሎች ከተሞች በስደተኛው ቤት የተከማቸው ካሴትና ዲስክ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው። ነገሩን ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የመጀመሪያው የድምፅ ደብዳቤ

ኢትዮጵያ ከድምፅ መቅጃ ጋር የተዋወቀችው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በሰም ሲሊንደር ላይ ቀድታ ላከች። ድምፁ አዲስ አበባ ደርሶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተሰማ። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ ድምፅዋ በማንም እጅ እንዳይቀር ስለፈለገች፣ ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር አስቀድማ አዝዛ ነበርና ትእዛዟ ተፈጸመ። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀድተው መልስ ላኩ። የእነርሱ ድምፅ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለመጣ ከመቶ ዓመት በኋላም ለመሰማት በቃ። አንዱ ጠፋ፣ አንዱ ተረፈ። ልዩነቱን ያመጣው የሰሙ ጥንካሬ አልነበረም፤ ቁም ነገሩ የሚገለብጠው ሰው መገኘቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ሄዶ ዜማውን በሸክላ አስቀረጸ። እነዚያ ሸክላዎች መቶ ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ በ2010 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 27ኛ ክፍል ሆነው እንደገና ለአድማጭ ቀረቡ። እዚህም ላይ ሥራውን ያዳነው ሸክላውን ጠብቆ ያቆየና ፈልጎ የገለበጠ ሰው ነው።

ካሴት፦ የድሃው ቀረጻ

የሸክላ ኅትመት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1975 አገር ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

ካሴትን የፈጠረው የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ሲሆን፣ በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየው። ሸክላ ለማሳተም ፋብሪካ ያስፈልግ ነበር። ካሴት ለማባዛት ግን ሁለት ቴፕና አንድ ባዶ ካሴት ይበቃል። በአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች ካሴት በካሴት ላይ እየገለበጡ ሸጡ። እያንዳንዱ ግልባጭ ከበፊተኛው ይልቅ የሚሾልክ ድምፁ ይበዛል፣ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም ዘፈኑ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከአገር ወደ ስደት ተጓዘ።

ከሁሉ በላይ ካሴት የደብዳቤን ሥራ ሠራ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ጸሐፊ መለመን ሳያስፈልጋት ቴፑ ፊት ተቀምጣ ለልጇ የሆዷን ተናገረች። ጎረቤቱ ተራ በተራ ሰላምታውን አከለበት፤ ዶሮው ሲጮኽ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ አብሮ ተቀዳ። ካሴቱም በፖስታ ከመላክ ይልቅ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ተላከ። በሌላው ጫፍ ያለው ልጅ ሰምቶ ካለቀሰ በኋላ አንዳንድ ጊዜ በዚያው ክር ላይ መልሱን ቀዳበት። ስንት የእናት ድምፅ በዚህ መንገድ በልጅ ድምፅ ተሸፍኖ ጠፋ!

ከካሴት ጋር ወደ ሲያትል

ወደ ሲያትል አስቀድመው የመጡት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። የ1974ቱ አብዮት ሲነሣ ብዙዎቹ መመለሻ አጡ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የወጡ ስደተኞች ተከተሏቸው። በሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቀጥሎም በሬኒየር ሸለቆ ሰፈሩ፤ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ፤ ማኅበር አቋቋሙ። በስደት ከተሞች ሁሉ እንደ ተለመደው ካሴት ከበርበሬውና ከእንጀራው ጎን ይሸጥ ነበር። ሠርግ፣ ልደት፣ የማኅበር ስብሰባ፣ የአዛውንት ምርቃት በቴፕ ተቀዳ።

ይሁንና ካሴት ዕድሜው አጭር ነው። የሲያትል ዝናብና እርጥበት ደግሞ አልረዳውም። በቤዝመንት ካርቶን ውስጥ የቆየ ክር ይሻግታል። ክሩን የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ ይረግፋል፤ የማጫወቻው ጎማ ቀበቶ ይላላና ድምፁ ይንቀረፈፋል። ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አጠገብ የተቀመጠ ካሴትም ሊሰረዝ ይችላል።

የሚኒዲስክ መምጣት

ለእነዚህ ችግሮች ሁሉ መልስ ይሆናል ተብሎ የመጣው ሚኒዲስክ ነው። ሶኒ በ1991 አስታውቆ በ1992 መጨረሻ ለገበያ አቀረበው። ዲስኩ ስፋቱ 64 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እንደ ኮምፒውተር ፍሎፒ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። መጀመሪያ 60ና 74፣ ኋላም 80 ደቂቃ ይይዝ ነበር። ይህን ያህል የሚይዘው አትራክ የተባለው ዘዴ ጆሮ የማይለየውን እያስቀረ ድምፁን ወደ አንድ አምስተኛ ስለሚያሳንሰው ነው።

አቀዳዱም የተለየ ነው። ከሥር የሌዘር ጨረር የዲስኩን ነጥብ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግለዋል፤ ከላይ ደግሞ በቀጭን ክንድ ላይ ያለች ማግኔት አቅጣጫውን ትወስናለች። ነጥቡ ሲቀዘቅዝ የተጻፈው ይጸናል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ዲስክ ላይ ተራ የቤት ማግኔት ጉዳት አያደርስም። ሲጫወት የሚያነበው ጨረር ብቻ ስለሆነ እንደ ካሴት ክር አያልቅም። ተጠቃሚው የተቀዳውን ቆርጦ መከፋፈል፣ ማዛወር፣ አላስፈላጊውን መሰረዝ ይችላል። ለራዲዮ ጋዜጠኛና ቃለ መጠይቅ ለሚያደርግ ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነበር።

ነገር ግን በጃፓን እንደ ተወደደው በአሜሪካ አልተወደደም። መሣሪያው ውድ ነበር፤ ሲዲ መቅጃና ኤምፒ3 ደረሱበት። ሶኒ ማጫወቻዎቹን መሸጥ በ2013 አቆመ። ባዶ ዲስክ ማምረቱንም በየካቲት 2025 አበቃ። ዛሬ በእጅ ያለው ዲስክና መሣሪያ ተተኪ የለውም ማለት ነው።

ባዶ የሚመስል ሁሉ ባዶ አይደለም

ያገለገለ መሣሪያ ገዝተው የሚጠግኑ ወዳጆች ባለፉት ዓመታት ብዙ ዕውቀት አከማችተዋል። ድምፅ ያለበት ዲስክ በእጁ ላለ ሰው ከሁሉ የሚጠቅሙት ጥቂቶቹ ናቸው።

አንደኛ፣ መሣሪያው ድምፁን ከቀዳ በኋላ የትኛው ክፍል የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ በዲስኩ ላይ ይጽፋል። ማውጫው የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ወይም ዲስኩ ሲወጣ ነው። በዚያች ቅጽበት የባትሪ ድንጋይ ካለቀ ወይም መሣሪያው ከተመታ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ መሣሪያውም «ብላንክ ዲስክ» ይላል። ድምፁ ግን በቦታው አለ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሌላ ዲስክ የተወሰደ ማውጫ ጽፈውበት መልሰው የሚያወጡበት ብልሃት አለ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ከቶ ሌላ ነገር መቅዳት አይገባም።

ሁለተኛ፣ በ2000 ብዙ ሰዓት የሚያስቀዳ አዲስ ዘዴ መጣ። በ80 ደቂቃ ዲስክ ላይ 160 ወይም 320 ደቂቃ ለመቅዳት ያስችላል። በዚህ የተቀዳ ዲስክ በቆየ ማጫወቻ ላይ ሲገባ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ከ2000 ወዲህ በወጣና ዘዴውን በሚያውቅ ማጫወቻ መሞከር ነው።

ሦስተኛ፣ ከላይ የተጠቀሰችው ቀጭን ክንድ ስትጣመም ወይም ስትሰበር መሣሪያው መቅዳት ያቆማል። ማጫወት ግን ይችላል። ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ማጫወት ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለውን መጣል ስንፍና ነው። የቆየ ባትሪ ፈስሶ መሣሪያውን እንዳይበላው ማውጣት፣ በግድግዳ ኤሌክትሪክም መሥራት ይሻላል። ዲስኩን ከማስገባት በፊት በጎኑ ያለችውን መከላከያ ማንሸራተት በስህተት ከመሰረዝ ያድናል።

አገለባበጡ ቀላል ነው። ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ በገመድ ማገናኘት ይበቃል። የ74 ደቂቃ ዲስክ 74 ደቂቃ ይወስዳል፤ ካሴትም እንደዚሁ። በ2006 የወጣው የሶኒ ኤምዜድ-አርኤች1 የድሮ ዲስኮችን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ያስቻለ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታትም የመሣሪያው ወዳጆች በአንዳንድ የሶኒ ኔትኤምዲ ማጫወቻዎች ይህንኑ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል።

ማን ነው የተናገረው?

በዚሁ በሲያትል የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የዓለም ሕዝቦችን ሙዚቃ የሚያስቀምጥ የድምፅ ማኅደር አለው። የማኅደር ባለሙያ ክሩን ሊያጸዳ፣ ድምፁን ሊያወጣ ይችላል። «ይህች የምትመርቀው ሴት ማን ናት? የምትጠራቸው ልጆችስ እነማን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም። መልሱ ያለው ከቤተሰቡ ዘንድ ነው፤ ያውም አዛውንቶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ። ስለዚህ ድምፁን ከመገልበጥ ጋር የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ እኩል ይጠቅማል። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው እዚህ ላይ ይሠራል። ግልባጩንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መተው አይገባም፤ ወንድም ዘንድ አንድ፣ እህት ዘንድ አንድ ይቀመጥ።

የንግሥት ቪክቶሪያ ሲሊንደር የተሰበረው በትእዛዝ ነው። በቤዝመንት የተቀመጠው የእናቶችና የአባቶች ድምፅ እንዲጠፋ ግን ማንም አላዘዘም። ለመጥፋት ችላ መባሉ ብቻ ይበቃዋል። ማጫወቻው ገና እየሠራ ሳለ፣ ድምፁን የሚያውቁትም በሕይወት ሳሉ ካርቶኑን ማውረድ ተገቢ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!