ሜዳውን ያጠበበው መምህር

እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካዋ የነብራስካ ክፍለ ሀገር ገበሬ ዝናብም ገንዘብም አጥቶ ነበር። ድርቁ ማሳውን አቃጥሎታል፤ የኢኮኖሚ ቀውሱ ባንኩን ዘግቶበታል። በካንሳስ ድንበር አጠገብ ባለችው ቼስተር ስቲቨን ኤፕለር የሚባል የ25 ዓመት ወጣት በትንሹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር።

የዚያን ዘመን የአሜሪካ የገጠር ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሪና ጥቂት መምህር ይዞ ለብዙ ጉዳይ መድረስ ነበረበት። በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂውዝ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለግብርና፣ ለቤት አያያዝና ለእጅ ሙያ ትምህርት ገንዘብ እንዲሰጥ አድርጓል። የገበሬ ልጅ ታሪክና ሒሳቡን ይማራል፤ ቤቱ ደግሞ ጥጃ አሳድጎ ወይም በቆሎ ዘርቶ ወጪ ገቢውን በመዝገብ ይዞ ለግብርና መምህሩ ያሳያል። በ1928 በካንሳስ ሲቲ የተመሠረተው የወደፊት ገበሬዎች ማኅበር ከአምስት ዓመት በኋላ ሰማያዊ የኮርዱሮይ ጃኬት የአባላቱ መለያ አደረገ። ከተሜው ቢስቅበትም ለገጠሩ ልጅ የክብር ልብስ ነበር። ልጃገረዶች ግን በብሔራዊ ደረጃ የማኅበሩ አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው በ1969 ነው።

አንድ ነገር ግን ለትናንሾቹ ትምህርት ቤቶች አልሆን አለ፤ ፉትቦል። ጭንቅላት ላይ ቆብ ተደፍቶ፣ ትከሻ ላይ መከላከያ ታስሮ የሚጋፉበት የአሜሪካው ጨዋታ በአንድ ወገን 11 ሰው ይፈልጋል። አርባ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ሃያ ያህል ወንዶች ቢኖሩት፣ ደካማውና ሕመምተኛው ሲቀነስ፣ ለመከር ሥራ አባቱ የሚፈልገው ልጅ ሲወጣ፣ ለተቀያሪ የሚተርፍ የለም። ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል የ14 ዓመት ልጅ ከ18 ዓመት ጎረምሳ ፊት ይቆማል። የልብሱም ዋጋ በዚያ ችግር ዘመን ቀላል አልነበረም።

ሌላው አሰልጣኝ ተጨማሪ ልጅ ሲፈልግ ኤፕለር ጨዋታውን ቀነሰው። በየወገኑ ስድስት ተጫዋች አደረገ፤ ሜዳውንም ወደ 80 ያርድ ርዝመትና 40 ያርድ ስፋት፣ ማለትም ወደ 73 በ37 ሜትር አጠበበው። ሐሳቡ የሚሞከርበት ቀን መስከረም 26 ቀን 1934 ሆነ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1927 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እዚህ ደመራ ሲለኮስ እዚያ ሄብሮን በምትባል ከተማ የኮሌጅ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የስድስት ሰው ፉትቦል ተካሄደ። አራት ትምህርት ቤቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ቡድን አወጡ፤ ሃርዲና ቼስተር በአንድ ወገን፣ ቤልቪዲርና አሌክሳንድሪያ በሌላው። ውጤቱ 19 ለ19፣ አቻ።

የኤፕለር ብልሃት ያለው ግን ቁጥሩን በመቀነሱ ሳይሆን በዝርዝር ደንቦቹ ላይ ነው። በመደበኛው ፉትቦል ፊት መስመር መሃል ላይ የሚጋፉት ልጆች የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። በስድስቱ ጨዋታ ሁሉም ይቀበላል፤ ኳሱን ከመሬት አንስቶ ወደ ኋላ የሚሰጠው የመሃሉ ልጅ እንኳ ሮጦ ተቀብሎ ነጥብ ሊያስቆጥር ይችላል። ያን ኳስ የተቀበለው ተጫዋች ደግሞ በቀጥታ መስመሩን ጥሶ መሮጥ ተከልክሏል፤ መጀመሪያ ለሌላ ማቀበል አለበት። ስለዚህ አንድ ጉልበተኛ ልጅ ብቻውን ጨዋታውን አይወስደውም። ዛሬ የኳስ ይዞታን ለማደስ በመደበኛው 10 ያርድ ሲበቃ በዚህኛው 15 ያርድ መሄድ ያስፈልጋል። ለመቺው ከለላ የሚሆነው ሰው ትንሽ ስለሆነም ከሜዳ በምት የሚገባ ኳስ በመደበኛው ሦስት፣ እዚህ አራት ነጥብ ያስገኛል። የውጤት ልዩነቱ ከእረፍት ጀምሮ 45 ከደረሰ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ደንብ ነው፤ የተሸናፊዎቹ ልጆች በነጋታው ከአሸናፊዎቹ ጋር እህል ገበያ ላይ ይገናኛሉና።

ጨዋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ ለሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ደረሰ። በ1938 ቴክሳስ ገባ፤ ዛሬም ዋና ቤቱ እዚያ ነው። በእረፍት ሰዓት የፉትቦል ልብሱን ሳያወልቅ ጥሩንባውን ይዞ ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባንድ ጋር የሚሰለፍ ልጅ እዚያ ማንንም አያስገርምም። ክሪስቶቫል በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ በስድስት ሰው ቡድን የተጫወተው ጃክ ፓርዲ በኋላ ታዋቂ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆነ፤ ቺካጎ ቤርስን ጨምሮ ትልልቅ ክለቦችንም አሰለጠነ።

ዘመኑ ግን ለትንሽ ትምህርት ቤት አላደላም። በ1940 ገደማ በአሜሪካ ወደ 117 ሺህ የሚጠጉ የትምህርት አስተዳደር ወረዳዎች ነበሩ፤ በ1980 የቀሩት 16 ሺህ ያህል ናቸው። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ኮናንት በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ በዓመት መቶ ተማሪ የማያስመርቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲጠፉ መከሩ። ምክራቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ ለስምንት ተማሪ የፊዚክስ መምህር መቅጠር ከባድ ነው። ነገር ግን ኮናንት ትምህርት ቤቱን የለኩት በሚሰጠው የትምህርት ዓይነት ብዛት ነው። ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት መንደር የዓርብ ምሽት መሰብሰቢያዋንም፣ በመምህራኑ ደመወዝ የሚተዳደረውን ሱቅም አብራ ታጣለች፤ ይህ በእሳቸው ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ኤፕለር በፉትቦል አልተወሰነም። በ1946 በኦሪገን ክፍለ ሀገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ሠራተኞች በችኮላ በተሠራችው ቫንፖርት፣ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የሚሆን ኮሌጅ አቋቋመ። መኖሪያ ቤት አለ፣ ተማሪ አለ፣ የኮሌጅ ሕንፃ ግን ገና የሚታሰብ ነበር፤ ባለው ጀመረ። ግንቦት 1948 የኮሎምቢያ ወንዝ ግድቡን ጥሶ ከተማዋን በአንድ ቀን አጠፋት። ኮሌጁ ግን ወደ መርከብ መሥሪያ ህንፃዎች ተዛውሮ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ዛሬ ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል።