አቃፊዋ ዶሮ፦ በፎገራ ጓሮዎች ጫጩት ሲፈለፈል የኖረበት ታሪክ

በወረታ ከተማ «መፈልፈያ» ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው የሩዝ ማሽኑን ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ፎገራ ሜዳ ከገባ ወዲህ ቃሉ የወፍጮ ቤት ቃል ሆኗል። ይሁን እንጂ ሩዝ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረች፣ ዛሬም በየቤቱ ጥግ ያለ መብራትና ያለ ነዳጅ የምትሠራ ሌላ መፈልፈያ አለች። እሷም እንቁላሏን ታቅፋ 21 ቀን የምትቀመጠው የሀበሻ ዶሮ ናት።

ስለ ፎገራ ሲጻፍ ሩዙ፣ ሽንኩርቱና በስማችን የሚጠራው የፎገራ ከብት ይነሳሉ። ዶሮ ግን ብዙ ጊዜ የሴቶች የጓዳ ጉዳይ ተደርጋ ስለምትታይ በታሪክ ገጽ ላይ ቦታ አላገኘችም። የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህን ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን ለመሙላት እሞክራለሁ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ የዶሮ ልማት ሥራችን ያተኮረው ብዙ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በማምጣት ላይ ነው። በገጠር ያ እንቁላል ጫጩት እንዲሆን ግን ሁልጊዜ የተመለስነው ወደ አቃፊዋ ዶሮ ነው።

ከሩቅ የመጣች እንግዳ

ዶሮ በመጀመሪያ የእስያ እንስሳ ናት። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆኑ የዶሮ አጥንቶች ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። ይህም ለማዳ ዶሮ በአፍሪካ ምድር መኖሯን ከሚያሳዩ እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ዶሮና የሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ ከ2,500 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል ማለት ነው።

ጎረቤታችን ግብፅ በጥንት ዘመን ሌላ መንገድ መርጣለች። ግብፃውያን ከጭቃ ጡብ በሠሩት ምድጃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ይፈለፍሉ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር ይህንኑ ጥበብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ምድጃው እናቲቱን ሲተካ ግን ጥሩ አቃፊ መርጦ ለዘር የሚያስቀር አይኖርም። ከግብፅ ወደ አገራችን የገባችው የፋዩሚ ዝርያም የምትታቀፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በእኛ አገር ምድጃ ስላልነበረ ገበሬው በየትውልዱ ለዘር ያስቀረው የታቀፈችውንና ጫጩቶቿን ያሳደገችውን ዶሮ ነው። የሀበሻ ዶሮ የእናትነት ጠባይ የመጣው ከዚህ ረጅም ምርጫ ነው።

የእናቶቻችን ዕውቀት

በአካባቢያችን ይህን ሥራ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ዶሮዋ ጎጆዋን አልለቅም ስትል፣ ላባዋን ስትነፋና ድምፅዋ ሲለወጥ ለመታቀፍ መዘጋጀቷን ይረዳሉ። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ፤ ማስታቀፍ ወይም ማስተው።

ለማስታቀፍ የምትመረጠው ሰውነቷ የሞላ፣ እንቁላሏን የማትሰብርና የማትበላ፣ ባለፈው ጊዜ ጫጩቶቿን ከጭልፊት የጠበቀች ዶሮ ናት። በእንቅብ ወይም በሰፊ ገል ውስጥ ጭድ ተነጥፎ ጨለም ባለ ጥግ ይቀመጥላታል። የእንቁላሉ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ነው። መለኪያው ክንፏ የሚሸፍነው ያህል ነው።

ወቅቱም የራሱ ስሌት አለው። በጾም ወራት የእንቁላል ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ እንቁላሉን ለዶሮዋ መስጠት አይጎዳም። በጾመ ነቢያት የታቀፈች ዶሮ በታኅሣሥ ትፈለፍላለች፤ ከሞት የተረፉት ኩብኩባዎች አድገው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳሉ። በዐቢይ ጾም የታቀፈችው ደግሞ ለገና ታደርሳለች። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ የምርት ዕቅድ ነው።

ቤተሰቡ እንቁላል ከፈለገ ዶሮዋን ያስተዋታል። በአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች ዶሮዋን ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ፣ ሆዷን ውሃ ማስነካት፣ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ከጎጆዋ ስለሚያርቃት ይሠራል። ማንጠልጠልና ላባ መሰካት ግን ዶሮዋን ከማሠቃየት ያለፈ ጥቅም የላቸውም። ከሥሩ ነፋስ በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ሳጥን ውስጥ፣ መኝታ ሳይነጠፍላት፣ ውሃና መኖ እየተሰጣት ከ3 እስከ 4 ቀን ብትቆይ ሆዷ ቀዝቅዞ አብዛኛውን ጊዜ ትተወዋለች።

የፈረንጅ እንቁላል በሀበሻ ክንፍ ሥር

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ አማካይነት ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ሌሎች የውጭ ዝርያዎች ወደ አገራችን ገቡ። በኋላም በመንግሥት የዶሮ ማባዣ ጣቢያዎች በኩል ወደ ገበሬው እንዲደርሱ ተደረገ። በእኛ ክልል ይህን ሥራ ሲሠሩ የቆዩት የአንዳሳና የኮምቦልቻ ማባዣ ማዕከላት ናቸው። ቀይዋን ሮድ አይላንድ ሬድ ያላየ የፎገራ ገበሬ ጥቂት ነው።

በኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ቄቦችና አውራ ዶሮዎች ብቻ ሳይሆኑ ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላልም ለገበሬው ይሰራጭ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያ የተሻሻለ እንቁላል በገጠር ቤት ጫጩት የሚሆነው በሀበሻ ዶሮ ክንፍ ሥር ነው። ነጭ ሌግሆርን አትታቀፍም፤ የእንቁላል ኩባንያዎች ዝርያዎችም ለብዙ ትውልድ የተመረጡት እንዳይታቀፉ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የታቀፈች ዶሮ እንቁላል አትጥልም።

ሌላው ችግር የአውራ ዶሮ ልውውጡ ነበር። ገበሬው የአካባቢውን አውራ አስወግዶ በሮድ አይላንድ ሬድ እንዲተካ ሲመከር የተወለዱት ቄቦች በእንቁላል ተሻሉ፤ የመታቀፍ ጠባያቸው ግን ቀነሰ። ስለዚህ ሁሉንም ዶሮ የለወጠ ቤት ቀጣዩን ጫጩት የሚፈለፍልለት ያጣል።

ፎገራ በጥናት ዓይን

እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረውና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተመራው የምርታማነትና የገበያ ስኬት ማሻሻያ ፕሮጀክት በአገሪቱ ከመረጣቸው 10 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዶ/ር ሐሊማ ሀሰን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአካባቢ ዶሮዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ጎረቤታችን ሐሙሲትን ጨምሮ በርካታ ቦታዎችን ዳስሷል። በ2008 ደግሞ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፎገራን የአካባቢ ዶሮ የሚመለከት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ቀርቧል።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የሀበሻ ዶሮን ዑደት እንዲህ ያስቀምጡታል፦ 20 ቀን እንቁላል መጣል፣ 21 ቀን መታቀፍ፣ 56 ቀን ጫጩት ማሳደግ። ሲደመር 97 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ከአምስት ቀን አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ነው። ዶሮዋን «ሰነፍ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ የቀረውን ጊዜ የምታሳልፈው የመፈልፈያ ማሽንና የጫጩት ማሳደጊያ ቤት የሚሠሩትን ሥራ እየሠራች ነው።

እውነተኛው ኪሳራ ያለው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው በፈንግል፣ በጭልፊት፣ በሸለምጥማጥና በብርድ ያልቃሉ። ለምሳሌ ከ12 እንቁላል 10 ቢፈለፈሉና 5 ቢያድጉ፣ ሞቱን ወደ 2 ማውረድ አንድም እንቁላል ሳይጨመር 3 ዶሮ ያተርፋል።

በዚህ ረገድ 1998 ዓ.ም. የሚረሳ አይደለም። በየካቲት የወፍ ጉንፋን በናይጄሪያ መከሰቱ ሲሰማ በአገራችን በሽታው ሳይረጋገጥ የዶሮ ገበያ ወደቀ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የፎገራን ሜዳ ጎርፍ አጥለቀለቀው። ከብትን ወደ ከፍታ መንዳት ይቻላል፤ የታቀፈች ዶሮን ከነእንቁላሏ ማዳን ግን ከባድ ነው። ከእንዲህ ያለ ዓመት በኋላ ቤተሰብ እንደገና የሚጀምረው ከተረፈችው አንዲት ዶሮ ነው።

ሳጥንና ኩባንያ

የአቃፊዋን ድካም ለማቃለል ከተሞከሩት ሥራዎች አንዱ በጅማ የእርሻ ኮሌጅ ዶ/ር ሰሎሞን ደመቀ ያስተዋወቁት የድርቆሽ ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ በድርቆሽ በተከበበ ሳጥን ውስጥ በራሳቸው ሰውነት ሙቀት ይሞቃሉ፤ መብራት አያስፈልግም። ጫጩቶቹ ወደ ሳጥን ሲገቡ እናቲቱ 56ቱን ቀን ሳትጠብቅ ወደ እንቁላል ትመለሳለች።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የግል ኩባንያዎች የአንድ ቀን ጫጩት በብዛት መፈልፈል ጀመሩ፤ ሳሶን የመሳሰሉ ዝርያዎችም በአሳዳጊዎች እጅ አድገው ለገበሬው ይሸጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች አንዷ አድርጓታል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል አውራ ከሌለበት እርባታ የመጣ ስለሆነ ቢታቀፉትም አይፈለፈልም። የድቅሎቹ ልጆችም እንደ እናቶቻቸው አይጥሉም። ስለዚህ ገበሬው በየጊዜው አዲስ ጫጩት መግዛት ይኖርበታል። መንገድ በተዘጋ ወይም ዋጋ በናረ ጊዜ የሚቀረው የጓሮው አቃፊ ነው።

ለኅብረት ሥራችን የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የሥራ ክፍፍልን ነው፤ የምትጥለው ትጣል፣ የምትታቀፈው ትታቀፍ። ከሥራ ልምዴ በመነሳት ለአባላት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየቤቱ ቢያንስ ሁለት ጥሩ አቃፊ የሀበሻ ዶሮዎች ይቀመጡ። አውራውም ሙሉ በሙሉ አይለወጥ።

ሁለተኛ፣ የሚታቀፈው እንቁላል ከተጣለ 7 ቀን ያላለፈው፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የፈረንጅ እንቁላል ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩ ከ8 እስከ 10 ይወሰን። በ7ኛው ቀን ማታ በባትሪ ብርሃን ተመርምሮ ደም ሥር ያልታየበት ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ዶሮዋ ከመታቀፏ በፊት ከቅንቅን ትጽዳ። ውሃና ጥሬ በአጠገቧ ይቀመጥ። በወረታ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣው ደቃቅ ተረፈ ምርት ከሌላ እህል ጋር ቢቀላቀል ጥሩ መኖ ነው፤ ሲቆይ ስለሚበላሽ ግን ትኩሱ ይመረጥ።

አራተኛውና ዋናው፣ ጎረቤታሞች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ሳምንት ያስታቅፉ። የፈንግል ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላም አያድርም። 10 ጫጩት ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ልትገዛው አይሆንላትም። 10 እናቶች በአንድ ሳምንት ቢያስፈለፍሉ ግን 100 ጫጩት በአንድ ቀን ይከተባል። የሁለት ዶሮ ጫጩቶችን ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን ወደ እንቁላል መመለስም ይቻላል። ይህን ብቻውን የቆመ ቤት አይችለውም፤ ማኅበር ግን ይችለዋል። የቀበሌ አመራሮችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም የክትባቱን ቀን ከማኅበራቱ የማስታቀፊያ ሳምንት ጋር ቢያገናኙት ድካማቸው ፍሬ ያገኛል።

ዩኒየናችን የተመሠረተው የብዙዎችን ትንሽ ነገር አንድ ላይ አድርጎ ትልቅ ለማድረግ ነው። በሩዝና በማዳበሪያ ያየነው ይህ አሠራር በዶሮም ይሠራል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ፤ እስኪሄድ ድረስ የሚታቀፈው ግን ያስፈልገዋል።

ለመላው አባላትና ለቤተሰቦቻቸው መልካም የምሥረታ በዓል!