ሳይመጣ ያሸነፈው መሣሪያ

ስለ ድሪምካስት ውድቀት ሲወሳ ብዙዎች የሶኒን ብርታት ይጠቅሳሉ፤ እኔ ግን ገዳዩ ጉጉት ነው ባይ ነኝ። የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ይህን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በአገሩ ለገበያ ያቀረበው በኖቬምበር 1998 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ አሜሪካ የገባው ደግሞ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 ነው። በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ሞደም እንኳ ነበረው። ይሁንና በዚያው ዓመት በማርች ወር ሶኒ የፕሌይስቴሽን 2ን ዕቅድ ቶኪዮ ላይ ገልጦ፣ አንጎሉን «ኢሞሽን ኤንጅን» ብሎ ሰይሞት ነበር። የስሜት ሞተር! እስቲ ይህን የሰማ ጎረምሳ ገንዘቡን ለሌላ ያወጣል? የዲቪዲ ፊልም ያሳያል፣ የቀድሞውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችም ያጫውታል ተባለ። የጃፓን መንግሥትማ በ2000 ለጦር መሣሪያ ሊውል ይችላል በማለት ወደ ውጭ አላላኩን ተቆጣጠረ፤ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

ሴጋም ከነቀፋ አያመልጥም። በ1995 ሳተርን የተባለውን መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ከቀጠረው ቀን አራት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በድንገት ለተመረጡ መደብሮች ብቻ በማደሉ ሌሎቹ ነጋዴዎች ቂም ይዘውበታል።

ፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ የደረሰው በኦክቶበር 2000 ነው፤ ያውም በዕቃ እጥረት የተነሣ ከታሰበው አንድ ሚሊዮን ግማሹ። ባዶ እጁን የተመለሰ ገዢ በ149 ዶላር የተደረደረውን ድሪምካስት ያነሣል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። የገና ገበያ ግን ሴጋ እንዳሰበው አልሆነም። በጃንዋሪ 2001 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። የኩባንያው መሪ ኢሳኦ ኦካዋ የግል አክሲዮናቸውን ለድርጅቱ ሰጥተው በማርች ወር ዐረፉ።