መስኮቱ ብዙ፣ ሰልፉ አንድ

ኮምፒውተር "ስታክ" ሲያደርግ ብዙ ሰው የሚያማው ማሽኑን ነው። "አርጅቷል"፣ "አቅም የለውም" ይባላል። የመስኮቶች ታሪክ ግን ሌላ ተጠያቂ አለው፤ የሰልፍ አያያዝ!

የጥንቱ ፕሮግራም ጠያቂው ራሱ ነበር። "ስም አስገባ" ይልና መልሱን ይጠብቃል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1973 አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ፤ በዚያው ማዕከልም ተደራራቢ መስኮቶች በአንድ ስክሪን ላይ ታዩ። ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ሰውዬው የትኛውን መስኮት መቼ እንደሚነካ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ የማውዝ ክሊክና የኪቦርድ ፊደል "ክስተት" ተብሎ ሰልፍ ይይዛል። ፕሮግራሙ ከሰልፉ አንድ በአንድ እያነሳ ጉዳዩን ወደሚመለከተው መስኮት ይመራል።

በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ክፍተቱ ግን ሁሉም ነገር በፕሮግራሞቹ በጎ ፈቃድ ላይ መመሥረቱ ነበር። አንዱ በረጅም ስሌት ተጠምዶ ተራውን ካልለቀቀ፣ የሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ ቀጥ ይላሉ።

የአይቢኤም ኦኤስ ቱ ይህን ግማሽ መንገድ አሻሻለው። በ1992 የወጣው ሁለተኛው ዕትም ተራውን የማይለቅ ፕሮግራም ሲያጋጥመው ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል። የማውዝና የኪቦርድ ሰልፍ ግን ለሁሉም አንድ ብቻ ነበር። ይህ የተደረገው በስንፍና አይደለም። መስኮት ቀይሮ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ የቀድሞው መስኮት ውስጥ እንዳይገባበት፣ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን ተረኛው ፕሮግራም መልእክቱን ካላነሳ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ሥራው በጓዳ ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ግን ቢጫን፣ ቢጎትት ሰሚ የለውም።

ማይክሮሶፍት በ1993 በዊንዶውስ ኤንቲ፣ በ1995 ደግሞ በዊንዶውስ 95 ለአዲሶቹ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ሰልፉን ለያየ። አንዱ ቢደርቅ ሌላው መሥራቱን ቀጠለ።

ችግሩ ግን አልጠፋም፤ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ። ዛሬም አንድ ፕሮግራም ብዙ መስኮት ከፍቶ ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ማስተናገዱ የተለመደ ነው። በአንዱ መስኮት ትልቅ ፋይል ሲቀመጥ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰልፉን የሚያስተናግደው ክፍል ራሱ ከሆነ፣ የዚያ ፕሮግራም መስኮቶች በሙሉ ይደርቃሉ። መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። አስተናጋጁ ጉዳዩን ይቀበል፣ ከባዱን ሥራ ወደ ጓዳ ይምራ፣ ወዲያው ወደ ሰልፉ ይመለስ። ውጤቱ ሲደርስ እንደማንኛውም ክስተት ተራውን ይዞ ይምጣ።

በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የተሰለፈ ሰው ይህን ለመረዳት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልገውም። አምስት መስኮት ተከፍቶ ከኋላ ያለው ሠራተኛ አንድ ከሆነ፣ የመስኮቱ ብዛት ለዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚገዛ ተቋም ከመስኮቱ ውበት በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አንዱ ጉዳይ ሲዘገይ ስንቱ አብሮ ይቆማል? ይህን ሳይጠይቁ ፈጣን ማሽን መግዛት፣ ያንኑ ሰልፍ ወደ ውድ ሕንፃ ማዛወር ነው።