ተጠይቆ የመመለስ ደንብ፦ ከፋሬ ኬላ እስከ ሸዋ ሮቢት ማከፋፈያ ጣቢያ

የኢንዱስትሪ መገናኛ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ ማሽኖች መልእክት ሲለዋወጡ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የደረሰው መልእክት ትክክለኛነቱ በምን እንደሚረጋገጥና መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የሚወስን ደንብ ነው። የይፋት ቆላ ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ባዕድ አልነበረም፤ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ ፋሬ ኬላ ላይ ሲደርስ በአቦጋዙ (በጠረፉ ገዢ) በወላስማ መሐመድ ሰዎች እጅ ይገባ ነበር፣ ወደ ደጋው የሚወጣውም የንጉሡ ፈቃድ ሲመጣለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም በዚሁ ደንብ አልዩ አምባ ላይ እንዲቆይ ተደርጓል። ንጽጽሩን ከዚህ አርቆ መውሰድ ግን አይገባም፤ ኬላው የንጉሥን ሥልጣን ለማስከበር የቆመ ሲሆን፣ ፕሮቶኮል የሚከላከለው ስሕተትን ነው።

ከደብረ ብርሃን ደጋ ወርዶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚያልፈው የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ቆላውን ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ያገናኛል። ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ በፊት በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ባሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ዋናው ፕሮቶኮል የሰው ድምፅ ነበር፦ ተረኛው ከሰሌዳው ቮልቱን አንብቦ በስልክ ሲናገር፣ ሰሚው ቁጥሩን ደግሞ መልሶ ይለው ነበር። ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በራሱ በኃይል መስመሩ ላይ ነበር፤ በመስመሩ ጫፍ የሚሰቀለው ትልቅ ጥቅል ሽቦ የኃይሉን ፍሰት ሳያግድ የመልእክቱን ፈጣን ሞገድ ብቻ ወደ ጣቢያው እንዳያልፍ ያግደዋል፣ ከጎኑ የሚቆመው አቃቢ (ካፓሲተር) ደግሞ ይህንኑ ሞገድ ወደ መገናኛው ክፍል ይመራዋል።

ይህንን የተረኞች ልማድ ወደ ማሽን ቋንቋ ከለወጡት ቀዳሚዎች አንዱ፣ የአሜሪካው ሞዲኮን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሞድባስ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፦ የመጀመሪያው ባይት (የስምንት ቢት ጥቅል) ከ1 እስከ 247 ባለው ቁጥር ተጠያቂውን ይጠራል፣ ሁለተኛው የሚፈለገውን ሥራ ይነግራል፣ ከዚያ መረጃው ይከተላል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በስሌት የተገኙ ማረጋገጫዎች በመሆናቸው ሰሚው ያንኑ ስሌት ሠርቶ ካልገጠመለት መልእክቱን ይጥለዋል። ቅልጥፍናው የማይካድ ቢሆንም ጉድለቱ ለኃይል ሥራ ከባድ ነበር፤ ተጠያቂው ካልተጠየቀ አይናገርምና፣ የኃይል መስመሩ የተቋረጠበት ጣቢያ እንኳ ተራውን መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አይኢሲ 60870-5-101 የተባለው ደረጃ ተጠያቂው አስቸኳይ ወሬ እንዳለው በመልሱ ራስ ላይ በአንዲት ቢት እንዲያመለክት ፈቀደለት፣ ክስተቱ የደረሰበትንም ሰዓት እስከ ሚሊሰከንድ አያይዞ እንዲልክ አስቻለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያው ደንብ 104 ተብሎ ወደ ኢንተርኔት መሰል መረቦች ተሻገረ።

ተጠይቆ የመመለስ ደንብ በባቡር ሐዲድ ላይም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ውሉ የተፈረመውና በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ የተገነባው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር ይህንኑ የይፋት ቆላ ያቋርጣል። ለእንዲህ ያሉ መስመሮች በወጣው የአውሮፓ የባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ በሐዲዱ መካከል የሚተከለው ባሊዝ የተባለ ጠፍጣፋ መሣሪያ የሚልከው መልእክት እስከ ዛሬ ቴሌግራም ይባላል፤ ርዝመቱም 341 ወይም 1,023 ቢት ነው። መሣሪያው በአብዛኛው የራሱ ኃይል የለውም፤ ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ በሚረጨው ሞገድ ነቅቶ መልእክቱን ያስተላልፋል፣ ባቡሩ ሲያልፍም ዝም ይላል።