የሕዝብ መናፈሻዎች ስያሜ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኙ የሕዝብ መናፈሻዎች ስያሜ ምንጩ የየዘመኑ መንግሥት ውሳኔ፣ የአካባቢው ነባር መጠሪያ ወይም የነዋሪው አንደበት ነው። ከእነዚህ መካከል ዘላቂ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ መለየት፣ አዳዲስ ሰፈሮች በስፋት ለተገነቡበት የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው።

ከመሀል ከተማ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የብሔረ ጽጌ መናፈሻ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ቃሉ ግዕዝ ሲሆን የአበባ አገር የሚል ትርጉም ይሰጣል። ስሙ ከመናፈሻው አልፎ የሰፈሩ መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። ለአንድ ስያሜ ከዚህ የተሻለ የስኬት ማረጋገጫ ማግኘት ያዳግታል።

የቀን ስሞች ዕጣ ግን የተለየ ነው። በጉለሌ የሚገኘው የሐምሌ 19 መናፈሻ የተሰየመበት ዕለት፣ በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣበት ቀን ነው። ሆኖም ዕለቱ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል በመሆኑ፣ አዋጁን በዕድሜው ያልደረሰበት ነዋሪ በቅድሚያ የሚያስታውሰው በዓሉን ነው። የሚያዝያ 27 አደባባይም እንዲሁ ሐውልቱ በቦታው ቆሞ ሳለ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው አራት ኪሎ በሚለው ስም ነው። የቀን ስም ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከጎኑ ካልተተከለ ከአንድ ትውልድ በኋላ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የውጭ ግንኙነት ያስገኛቸው ስሞችም አሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ የሚገኘው የኢትዮ-ኩባ ወዳጅነት ፓርክ፣ ከትግላችን ሐውልት ጋር በኦጋዴን ጦርነት የተሰዉትን የሁለቱን አገሮች ወታደሮች ያስታውሳል። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም ተመርቆ የተከፈተውና በቻይና ድጋፍ የተገነባው መናፈሻ ደግሞ በመጀመሪያ ሸገር ፓርክ ሲባል ቆይቶ ወዳጅነት ፓርክ ተብሏል። በዚህም ሳቢያ ከተማዋ ወዳጅነት የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፓርኮች ባለቤት ሆናለች። የመጀመሪያው ስም የተተወ ቢሆንም ሸገር የሚለው ቃል ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በ2015 ዓ.ም በኦሮሚያ ክልል ለተመሠረተው የሸገር ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ስሙ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በደብዳቤ ልውውጥ ላይ የሚፈጥረውን መደናገር መገመት አያዳግትም።

እንጦጦ፣ የካ እና ጉለሌ በሚሉት ስሞች የተሰየሙት መናፈሻዎች እንዲህ ዓይነት ችግር አላጋጠማቸውም። ስማቸውን የወሰዱት ከቆሙበት ምድር ነውና ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 29 ቢሊዮን ብር ወጪና 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማት የታሰበለት ሲሆን፣ መነሻው እንጦጦ፣ መድረሻው ደግሞ አቃቂ ነው። የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ስለሆነም ልማቱ ወደ ደቡብ በገፋ ቁጥር የስያሜ ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው።

ክፍለ ከተማው በዚህ ረገድ የስም ድሃ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። ረግረጋማውን መስክ የሚያመለክተው ጨፌ የሚለው ቃልም በአካባቢው የተለመደ ነው። እነዚህ ስሞች ኮንዶሚኒየሞቹ ከመገንባታቸው አስቀድሞ በቦታው ላይ ይኖር የነበረው አርሶ አደር የሚጠቀምባቸው ናቸው። እርሻው ተነሥቶ ስሙም በብሎክ ቁጥር ወይም ከሌላ ቦታ በመጣ መጠሪያ ከተተካ፣ ቀድሞ እዚያ ማን እንደነበረ የሚመሰክር ነገር አይኖርም። በመናፈሻ መግቢያ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ይህን በአነስተኛ ወጪ ሊያተርፍ ይችላል።

ከሰሌዳው በፊት ግን አጻጻፉ መወሰን ይኖርበታል። በአሁኑ ወቅት አንዱ ቦታ ቂሊንጦና ቅሊንጦ፣ ሌላውም ቱሉ ዲምቱና ቱሉዲምቱ ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ እንዴት እንደሚነበብ የአካባቢውን አረጋውያን ጠይቆ አንዱን መምረጥና በካርታው፣ በበጀት መዝገቡና በሰሌዳው ላይ በተመሳሳይ ፊደል ማስፈር የሚጠይቀው አንድ ስብሰባ ብቻ ነው።