ያረጀውን አዲስ ማድረግ፦ የቴሌቪዥን ምስል ቱቦ አዳሾችና የጥገና ታሪክ



የቴክኖሎጂ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የፈልሳፊዎች ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ማን ፈለሰፈ፣ መቼ ፈለሰፈ፣ ማን ማንን ቀደመ እያልን እንጠይቃለን። ዕቃው ከሰው ቤት ከገባ በኋላ ለዓመታት በአገልግሎት ላይ ያቆየው ማን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዝንባሌ ነቅፈው፣ አጠቃቀምና ጥገና የታሪኩ አካል እንዲሆኑ ተሟግተዋል። እኔም ዛሬ ሐሳቡን በአንድ ጠባብ ሙያ ላይ ልፈትሸው እወዳለሁ፤ ይኸውም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ያረጀ የቴሌቪዥን ምስል ቱቦ ያድሱ የነበሩ ትናንሽ ወርክሾፖች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምስል ቱቦ ከቴሌቪዥን ክፍሎች ሁሉ ውዱ ነበር። የሚያረጀው ግን ሁለንተናው አይደለም። በአንገቱ ውስጥ ያለው ካቶድ በባሪየምና በስትሮንቲየም ኦክሳይድ የተለበጠ ሲሆን፣ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑም ከፊት ያለውን ፎስፈር መትቶ ያበራዋል። ከብዙ አገልግሎት በኋላ ልባጡ ይደክማል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። መስታወቱና ፎስፈሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናቸው። የሙያው መሠረት ይህ ልዩነት ነበር።

ሥራው እንደሚከተለው ይከናወናል። በመጀመሪያ አየር ወደ ቱቦው በዝግታ እንዲገባ ይደረጋል፤ በኃይል ከገባ ፎስፈሩን ሊልጠው ይችላልና። ቀጥሎ አንገቱ ተቆርጦ ከአሮጌው ኤሌክትሮን አመንጪ ጋር ይወገዳል። አዲስ አንገትና አዲስ ኤሌክትሮን አመንጪ በመስታወት ቶርኖ ላይ በእሳት ነበልባል ይገጠማሉ። ከዚያም ቱቦው ከፓምፕ ጋር ተያይዞ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በመስታወቱና በብረቱ ውስጥ የተደበቀው ጋዝ እየወጣ ይሳባል። በመጨረሻም መሳቢያው በእሳት ይደፈናል፤ ቀሪውን ጋዝ እንዲይዝ ባሪየም በውስጡ ይተናል፤ ካቶዱም እንዲግል ተደርጎ ለሥራ ይዘጋጃል።

ይህ አደገኛ ሥራ ነበር። አየሩ በወጣለት ባለ 21 ኢንች ቱቦ ፊት ላይ ብቻ የሚያርፈው የከባቢ አየር ግፊት ከአንድ ቶን ክብደት ይበልጣል። ስንጥቅ ያለበት መስታወት ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ሊፈነዳ ይችላል። ስንጥቁን በዐይን መለየት፣ ነበልባሉን መመጠን፣ መስታወቱ እስኪበርድ መታገሥ ከመጽሐፍ ይልቅ በልምምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ ምን እንበለው? ጥገና ነው ወይስ ምርት? የወርክሾፑ ባለሙያ የሚፈጽመው የፋብሪካውን የመጨረሻ ምዕራፎች በሙሉ ነው። ጥያቄው በሕግ ፊትም ቀርቧል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቱቦው ያገለገለ መስታወት እንዳለው ለገዢ ሳይገልጹ በሚሸጡ ድርጅቶች ላይ ውሳኔዎችን አሳልፏል። ገዢ የሚገዛውን ማወቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ትልልቅ አምራቾችም ለመለዋወጫ በሚሸጡት ቱቦ ውስጥ ያገለገለ መስታወት ይጠቀሙ ነበር። «አዲስ» እና «አሮጌ» የሚለው ድንበር ከምናስበው በላይ የላላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሙያው የጠፋው ዕውቀቱ ስላረጀ አይደለም፤ ባለ ቀለም ቱቦም ሲታደስ ኖሯል። የአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ከሰው ገቢ አንጻር እየረከሰ ሲሄድ ግን የእጅ ሥራው ዋጋ አላዋጣ አለ። ጠፍጣፋው ስክሪን ደግሞ ቱቦውን ራሱን ከገበያ አስወጣው። በአሜሪካ የመጨረሻው እንደ ሆነ የሚታወቀው የአዮዋው ሆክ-አይ ወርክሾፕ በ2010 ተዘጋ፤ በአውሮፓ የመጨረሻው የፈረንሳዩ ራክስ በ2013 ተከተለው። የሆክ-አይ መሣሪያዎች በኦሃዮ ወደሚገኝ የጥንት ቴሌቪዥኖች ሙዚየም ተወሰዱ። ጥንታዊ ቴሌቪዥን በሥራ ላይ ሆኖ ለትውልድ እንዲታይ ከተፈለገ ቱቦ የሚያድስ ሰው ያስፈልጋልና። ነገር ግን ቶርኖና ምድጃ በመኪና ይጓጓዛሉ፤ የባለሙያው እጅ የለመደው ልክ አብሮ አይጫንም።

ለእኛ የታሪክ ተማሪዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ሰነድ ይተዋል፤ ትንሽ ወርክሾፕ ግን የሚተወው ጥቂት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ዳግም ዕቃ ሆኖ ሲወጣ ሁላችንም እናያለን፤ የሙያውን ዝርዝር ስንቶቻችን ጽፈነዋል? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ወደ ባለሙያዎቹ ሂዱ። ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያውቁት ጠይቋቸው። ይህ ሰነድ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ካልተሰበሰበ፣ በኋላ ከየትኛውም ቤተ መዛግብት አይገኝም።